ዝምተኛዋን መኪና ዳገት መግፋት

[እሑድ ከሰዓት። ከአንድ የተዘጋ የመነጽር መሸጫ ሱቅ ደጃፍ አዲስ ቀይ መኪና ቆማለች፤ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የሾጠጠ። ከፊቷ ቀጥ ያለ ረጅም ዳገት አለ። ፒስተን የሱቁ ባለቤት ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሊቀ መንበር የሆነበት የመኪና አፍቃሪዎች ማኅበር ነው። እርጎ የእህቱ ባል ነው፤ ለዳቦ ቤት ዳቦ የምታከፋፍል መኪና ይነዳል፤ ነገሩ ሁሉ የረጋ ስለሆነ እርጎ ይሉታል። ሁለቱም መኪናዋን እየዞሩ ይከራከራሉ።]

እርጎ፦ እሺ፣ በሩ ሁለት ብቻ ይሁን። እትዬ በየት በኩል ይገባሉ?

ፒስተን፦ የትኛዋ እትዬ?

እርጎ፦ እናትህ ናቸዋ!

ፒስተን፦ እናቴ እዚህ ውስጥ ምን ልታደርግ ትገባለች?

እርጎ፦ መኪና አይደል? ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንድ ቀን "አድርሱኝ" ማለታቸው አይቀርም።

ፒስተን፦ ይሄ ኩፔ ነው፣ ሰውዬ! ስፖርት ነው! ስፖርት መኪና ውስጥ እናት አትገባም።

እርጎ፦ ታዲያ የኋላው ወንበር ለማን ነው?

ፒስተን፦ ለጃኬት።

እርጎ፦ [በመስኮቱ አጮልቆ] የደህንነት ቀበቶ አለው እኮ። ጃኬት ቀበቶ ያስራል?

ፒስተን፦ ቆሽቴን አታሳርረው! ቀበቶው ሕግ ስለሚያስገድድ ነው እንጂ ኋላ ሰው የሚቀመጥ መስሏቸው አይደለም። የሠሩት መሐንዲሶች ራሳቸው ገብተው አያውቁም።

እርጎ፦ እኔ እገባ ይሆን?

ፒስተን፦ አንተ ተጣጥፈህ ትገባለህ። ለምስክርነት ነው ያመጣሁህ፤ ምስክር ደግሞ አይመቸው እንጂ ያያል።

እርጎ፦ ምስክር ለምንድን ነው? የተጣላኸው ሰው አለ?

ፒስተን፦ እህቴ ምንም አልነገረችህም?

እርጎ፦ "ወንድሜ የሚልህን አድርግ፣ አትከራከረው" አለችኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ፒስተን፦ እንግዲያው ስማ። ያ የዳገቱ ጫፍ ይታይሃል? ዛፎቹ ጋ? እዚያ ማኅበሩ በሙሉ ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። ባለፈው ስብሰባ ያ ቱርቦ የሚሉት ብድግ አለና "ይህቺ አዲሷ ሃይብሪድ የነገዋ መኪና ናት" አለ። ነገ! ትናንት ጎማ መቀየር ያስተማርኩት ልጅ! እኔም ብድግ አልኩ። ምን አልኩ መሰለህ?

እርጎ፦ ተቀመጥ አልከው?

ፒስተን፦ "ይህቺ መኪና ይሄንን ዳገት በራሷ ከወጣች፣ ወንበሬን ለቅቄ ለቱርቦ አስረክባለሁ!" አልኩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

እርጎ፦ ማን ነው ያጨበጨበው?

ፒስተን፦ ሁሉም።

እርጎ፦ ቱርቦም?

ፒስተን፦ እሱማ ቆሞ ነው ያጨበጨበው። ሞኝ ነው፤ አልገባውም። ለማንኛውም ሻጩን ለምነን ለዛሬ ከሰዓት ሰጠን። ጠዋት ራሱ አምጥቶ እዚህ አቁሞልኝ፣ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ።

እርጎ፦ ወንበር ስትል ያቺን ፕላስቲኳን ነው? ትራስ ያላትን?

ፒስተን፦ ትራሷን ተዋት! ነገሩ ሌላ ነው። [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እኔ ሱቅ ውስጥ ማን ይሰማኛል? "ይሄ መነጽር ለፊትህ ሰፊ ነው" ስል ደንበኛው ሚስቱን ይጠይቃል። ቤት ስገባ አፌን ስከፍት እናቴ "ዝም በል፣ ዜና እየሰማሁ ነው" ትለኛለች። እዚያች ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን፣ እኔ ስናገር ሰው ዝም ይላል። እንዲያውም የምለውን የሚጽፉ አሉ። ያቺን ካጣሁ እኔ ምን ነኝ?

እርጎ፦ [ካሰበ በኋላ] የሚስቴ ወንድም።

ፒስተን፦ አጽናናኸኝ።

እርጎ፦ ታዲያ ዳገቱን ከወጣችስ?

ፒስተን፦ አትወጣማ! ሃይብሪድ ማለት ምን ማለት ነው? ግማሽ ቤንዚን፣ ግማሽ ባትሪ። ቤንዚኑ "ባትሪው ይጎትት" ይላል፣ ባትሪው "ቤንዚኑ ይጎትት" ይላል። ሁለት ሰው ሶፋ ሲሸከም አላየህም? ሁለቱም የያዙ መስለው አንዱም አልያዘም።

እርጎ፦ እኔና ያንተ እህት ሶፋችንን እንደዚያ ነው ያስገባነው። ገብቷል ግን።

ፒስተን፦ ዳገት ላይ አይደለማ! [ስልኩን አውጥቶ] ለመሆኑ የማኅበሩን አስተያየት ላንብብልህ? ስማ። አንዱ "ከፊት ሲያዩዋት አቦሸማኔ፣ ከኋላ ሲያዩዋት ያለቀ ሳሙና" ብሏል። ሌላው "ማርሽ ሳይኖራት ማርሽ የምትቀይር ታስመስላለች፤ ውሸታም ናት" ይላል። ይሄኛው ደግሞ "የሞተር ድምፅዋ ከሞተር ሳይሆን ከድምፅ ማጉያ ነው የሚወጣው" ይላል። አስበው! ከንፈር ማንቀሳቀስ ነው እንጂ መዝፈን ነው ይሄ?

እርጎ፦ ቱርቦስ ምን አለ?

ፒስተን፦ ቀይ ልብ ልኳል።

እርጎ፦ ከመካከላቸው የነዳት አለ?

ፒስተን፦ ለምን ይነዷታል? እናውቃታለን!

እርጎ፦ እንዴት?

ፒስተን፦ ቪዲዮ አይተን ነዋ። አንተ ዳቦ ስታዞር እኛ እናጠናለን።

እርጎ፦ [የመኪናዋን ጣራ በመዳፉ እየዳበሰ] ታምራለች ግን። ፒስተን…

ፒስተን፦ አቤት።

እርጎ፦ መሪዋን አንዴ ልያዛት? እስከዚያች ምሰሶ ድረስ ብቻ።

ፒስተን፦ አንተ?

እርጎ፦ የኔዋ መኪና መሪዋ ሰፊ ነው፣ የቤት ትሪ ነው የሚያክለው። ሁሌ ዳቦ ዳቦ ትሸታለች። ይቺ ግን…

ፒስተን፦ አይሞከርም! ብሞትም አይሞከርም! መሪ መያዝ ልክ እንደ ዳቦ መያዝ መሰለህ? እጅህን አንሳ፣ ላብህ ይታተምባታል። በል ግባ፣ ከኋላ።

[እርጎ በብዙ ትግል ከኋላ ይገባል፤ ጉልበቱ አገጩን ይነካል። ፒስተን መሪው ላይ ይቀመጣል፣ ሸሚዙን ያስተካክላል፣ መስታወት ያያል።]

ፒስተን፦ ተመቸህ?

እርጎ፦ ጃኬት ቢሆን ኖሮ ይመቸው ነበር።

ፒስተን፦ አሁን ጸጥ በል። ሞተር ሲነሳ ማዳመጥ ያስፈልጋል። እኔ ድምፁን ሰምቼ ብቻ የሞተሩን ዕድሜ እነግርሃለሁ። [ፍሬን ረግጦ ማስነሻውን ይጫናል። ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ ያስጠጋል። ምንም የለም።] …ሰማህ?

እርጎ፦ አልሰማሁም።

ፒስተን፦ እኔም አልሰማሁም። [ይጫናል] አሁንስ?

እርጎ፦ አሁን መብራቱ ጠፋ። ቅድም በርቶ ነበር።

ፒስተን፦ [ይጫናል] አሁንስ?

እርጎ፦ አሁን በራ። አረንጓዴ ነው። እኔ በዚህ በኩል አንገቴ ስለተጣመመ በደንብ ይታየኛል።

ፒስተን፦ አረንጓዴው "ተፈጥሮን እንውደድ" ማለት ነው። ማስታወቂያ ነው። [እጁን ከማስነሻው አንስቶ ቀስ ብሎ ፈገግ ይላል] እርጎ… ሞታለች።

እርጎ፦ ማን?

ፒስተን፦ መኪናዋ! ባትሪዋ ሞቷል! ገና ሳትንቀሳቀስ! ገና ከሱቄ ደጃፍ! እሰይ! አላልኩም? አላልኩም ወይ?

እርጎ፦ ተነስታ ይሆናል እኮ።

ፒስተን፦ ከተነሳች ድምፅዋ የታለ?

እርጎ፦ እኔም ጠዋት ስነሳ ድምፅ የለኝም።

ፒስተን፦ አንተ መኪና አይደለህም!

እርጎ፦ ነፋሱም ይመጣል። ይኸው በዚህ ቀዳዳ እግሬን እያቀዘቀዘኝ ነው። የሞተ ነገር ይተነፍሳል?

ፒስተን፦ የተረፈ ነፋስ ነው። ከፋብሪካ የመጣ። [ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል] ና ውረድ! ና ተመልከት ጉዳቸውን!

[እርጎ ከኋላ ወንበር በአንድ እግር፣ ከዚያ በወገቡ፣ በመጨረሻ በጭንቅላቱ ይወጣል።]

እርጎ፦ ምን አገኘህ?

ፒስተን፦ ምንም! በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍነውታል! የማያፍሩበት ሞተር ቢሆን ይሸፍኑት ነበር? በኔ ጊዜ ኮፈን ስትከፍት ሞተር ፊት ለፊት ያይሃል፤ እጅህን ያቆሽሻል፤ ሰላም ይልሃል።

እርጎ፦ [ጆሮውን አስጠግቶ] እዚህ ጋ ትንሽ ጥዝዝ ይላል። እኔ እንጃ፣ የተነሳች ይመስለኛል ፒስተን።

ፒስተን፦ ንብ ይሆናል። አንተ ሰው፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ስለ መኪና ሳወራ የኖርኩ ሰው ሞታለች እያልኩህ፣ አንተ ተነስታለች ትላለህ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም!

እርጎ፦ እሺ። እህትህም አትከራከረው ብላኛለች።

ፒስተን፦ [ኮፈኑን ዘግቶ እጁን እያሻሸ] ወንበሬ ተረፈች! ተረፈች ማለት ነው!

እርጎ፦ እንግዲያው ሻጩን እንጥራው?

ፒስተን፦ አብደሃል? ከመጣ ሊያስነሳት ይችላል!

እርጎ፦ ቢያስነሳት ጥሩ ነዋ።

ፒስተን፦ ጥሩ አይደለም! ከተነሳች ልትወጣ ነው፣ ከወጣች ወንበሬ ሄደ! ሞታ ነው የምፈልጋት።

እርጎ፦ ታዲያ ደውልና "ሞታለች" በላቸው። እኛም ወደ ቤታችን እንሂድ። እህትህ ምስር ሠርታለች።

ፒስተን፦ ቱርቦ ያምናል? "ፈርቶ ነው የቀረው" ነው የሚለው። አይሆንም፤ ሬሳውን ማሳየት አለብኝ።

እርጎ፦ እነሱ ወርደው ይዩዋ። ለነሱ ቁልቁለት ነው።

ፒስተን፦ [ወደ ዳገቱ ጫፍ ቀና ብሎ] ሊቀ መንበር ማስረጃውን ይዞ ይወጣል እንጂ አባላቱን ጠርቶ አያወርድም። ደግሞ እስቲ አስበው፤ በዚያ ዳገት እየገፋኋት ብቅ ስል! ላብ በላብ ሆኜ! ከዚያ ቀና ብዬ አንዲት ቃል ብቻ፦ "ይኸው ነገያችሁ!" እላቸዋለሁ።

እርጎ፦ እሱ ሁለት ቃል ነው።

ፒስተን፦ እገፋታለሁ አልኩ፣ እገፋታለሁ!

እርጎ፦ ግን ገፍተህ ካደረስካት ወጣች ማለት አይሆንም?

ፒስተን፦ እኔ ነኝ የወጣሁት! እሷን ተሸክሜ! አንተ ነገር አታወሳስብ። መሪ ብቻ ያዝልኝ።

እርጎ፦ እኔ?

ፒስተን፦ ሌላ ማን አለ? ምን ታደርገዋለህ፣ የሞተች መኪና ነች፣ አታበላሻትም…

[ፒስተን ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እርጎ መሪው ላይ ተቀምጧል፤ ቀበቶም አስሯል። እንዲህ ፈጥኖ የታየበት ቀን የለም።]

እርጎ፦ ማርሹን የት ላድርገው?

ፒስተን፦ [ከኋላ ቆሞ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ] እዚህ ላይ ነው ዕውቀት የሚያስፈልገው። ሌላ ሰው ቢሆን ዜሮ ላይ አድርግ ይልህ ነበር። ዜሮ ላይ ካደረግካት ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ትጨፈልቀኛለች። ወደፊት የሚለው ላይ አድርጋት! ወደፊት ላይ ያለች መኪና ወደ ኋላ አትመጣም።

እርጎ፦ ወደፊት ላይ አደረግኩ።

ፒስተን፦ ፍሪሲዮኑን ርገጥ።

እርጎ፦ ፍሪሲዮን የለም። መርገጫው ሁለት ብቻ ነው።

ፒስተን፦ ሁለት? ሦስተኛውን የት አደረሱት? ሰርቀውናል ማለት ነው!

እርጎ፦ ካሉት የቱን ልርገጥ?

ፒስተን፦ የፈለግከውን! የሞተች መኪና መርገጫ ምን ይሠራል? እንደልብህ ርገጥ!

እርጎ፦ እንደልቤ?

ፒስተን፦ እንደልብህ!

እርጎ፦ እሺ። ፒስተን፣ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። አይዞህ።

ፒስተን፦ ዝም ብለህ መሪህን ያዝ። ተዘጋጅ! አንድ… ሁለት…

[መኪናዋ ትንቀሳቀሳለች።]

ፒስተን፦ ሦስት ሳልል! አየህ? ሦስት ሳልል ሄደች!

እርጎ፦ አየሁ።

ፒስተን፦ ጉልበት ማለት ይሄ ነው! እኔ ራሴን አላውቀውም ነበር! ቆርቆሮ ናት ይቺ መኪና። ወረቀት ናት! በአንድ እጄ ልሞክር እስቲ። [አንድ እጁን ያነሳል] ይኸው በአንድ እጄ!

እርጎ፦ ፈጣሪ ጉልበትህን ይባርከው።

ፒስተን፦ በጣት! ቪዲዮ አንሳኝ! በአንድ ጣት ዳገት እየገፋሁ ነው!

እርጎ፦ መሪ ይዣለሁ። መልቀቅ አልችልም።

ፒስተን፦ [ግንባሩን ለመጥረግ ጣቱንም ያነሳል፤ መኪናዋ ትሄዳለች፤ ሮጥ ብሎ ይደርስባታል] አየህ ይሄንን? እጄን ባነሳም ትሄዳለች። ይሄ ሳይንስ ነው። አንዴ በደንብ የተገፋ ነገር መገፋቱን አይረሳም።

እርጎ፦ ተምሬ ባውቀው ምን ነበረበት።

ፒስተን፦ እዚያ ማዶ በረንዳ ላይ ያሉት ሴትዮ እያዩኝ ነው?

እርጎ፦ ልጃቸውንም ጠርተዋል። ጎረቤታቸውንም።

ፒስተን፦ [ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ በረንዳው] ደህና ዋላችሁ! አታስቡ፣ ብቻዬን እችላታለሁ! [ዝቅ አድርጎ] ምን ይላሉ?

እርጎ፦ ይስቃሉ። ደስ ብሏቸው ይመስለኛል።

[እርጎ ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ይጨምራል። መኪናዋ ትፈጥናለች። ፒስተን ሁለት እጁን ኋላዋ ላይ አስደግፎ ሶምሶማ ይሮጣል።]

ፒስተን፦ ኧረ… ኧረ ቀስ! ፈጠነች!

እርጎ፦ አንተ ቀስ በል እንጂ! የምትገፋው አንተ ነህ፤ እኔ ቁጭ ብያለሁ።

ፒስተን፦ [እያለከለከ] እውነትህን ነው። ጉልበቴን… ጉልበቴን መቆጣጠር አቃተኝ!

እርጎ፦ ትንሽ ቀንስ። ሰው ይደነግጣል።

ፒስተን፦ [ትንሽ ለመቀነስ ይሞክራል፤ እርጎም ነዳጁን ይቀንሳል] ይኸው… ቀነስኩ። እፎይ። አሁን ልክ መጣሁ።

እርጎ፦ ፒስተን፣ እዚህ መሪው ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ምን ትሠራለች?

ፒስተን፦ ምንም አትሠራም። ለጌጥ ናት።

[እርጎ ይጫናታል። ከመኪናዋ ውስጥ ከባድ የሞተር ጩኸት ይነሳል፤ በረንዳው ላይ ያሉት ብድግ ይላሉ።]

ፒስተን፦ ወይኔ! ተነሳች! ተነሳች! እርጎ፣ አጥፋት!

እርጎ፦ ምን?

ፒስተን፦ አጥፋት በእናትህ! ላዩ ላይ ሊሰሙ ነው! ወንበሬ! ወንበሬን ጨረስካት!

እርጎ፦ ምኑን ነው የማጠፋው?

ፒስተን፦ ጩኸቱን! ጩኸቱን አጥፋ!

[እርጎ ቁልፏን ደግሞ ይጫናታል። ጸጥታ። መኪናዋ እንደ ወትሮዋ ዳገቱን ትወጣለች።]

ፒስተን፦ [ልቡን ይዞ] ጠፋች?

እርጎ፦ ጩኸቱ ጠፍቷል።

ፒስተን፦ እሰይ! ዕድሜ ይስጥህ! ልቤ ቆሞ ነበር እኮ። እንዴት እንደተነሳች ታውቃለህ? በኔ ግፊት ነው። ከመጠን በላይ ስገፋት የሞተው ባትሪ ነፍስ ዘራበት። ሙት የሚያስነሳ ግፊት ነው የገፋሁት!

እርጎ፦ ስንት ሰው ይሄንን ማድረግ ይችላል?

ፒስተን፦ ከኔ ሌላ? አላውቅም። ዛሬ ላባላቱ ስነግራቸው አንድ ወር ያወሩታል። ወንበሬማ ምን ይነካታል! እንደውም ትራሷን አስቀይራለሁ።

[ስልኩ ይጮኻል። ፒስተን ከመኪናዋ እጁን አንስቶ መንገድ ዳር ይቆምና ያነሳል። እርጎ ወደ ኋላ አይዞርም፤ መኪናዋም አትቆምም።]

ፒስተን፦ [በስልክ] ሄሎ? ቱርቦ! አለሁ ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ነኝ… አዎ፣ ይዣት ነው የምመጣው፣ ግን ሞታለች። ከታች ነው የሞተችው፣ ነፍስ ይማር… እኔ ነኛ የምገፋት! ሌላ ማን ይገፋታል?… አዎ፣ አሁን። አሁን እየገፋሁ ነው የማነጋግርህ… "በየትኛው እጅህ?" ምን ማለት ነው? በሁለቱም!… ስልኩንማ… በትከሻዬ ይዤው ነው… ከላይ ታዩኛላችሁ? እሰይ፣ እዩኝ!… የቱ ሰውዬ? መንገድ ዳር የቆመው? ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው? [ሸሚዙን ያያል] …ቆይ እስቲ። [ቀስ ብሎ ወደ ዳገቱ ይዞራል። መኪናዋ ርቃለች፤ ቀይ ጀርባዋ እየተንፏቀቀ ሳይሆን እየተዝናና ይወጣል።] …ቱርቦ፣ መልሼ ልደውልልህ።

[ስልኩን ኪሱ ይከትና ይሮጣል።]

ፒስተን፦ እርጎ! አንተ እርጎ! ቁም!

እርጎ፦ [ከሩቅ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ እያወዛወዘ] በቃ፣ በቃ ወንድሜ! ብዙ ደከምክ! አትግፋ፣ እረፍ!

ፒስተን፦ ቁም እኮ ነው የምልህ! እንዳትወጣ! ጫፉ ጋ እንዳትደርስ!

እርጎ፦ አልሰማህም! ላዩ ላይ እንገናኝ!

[ጩኸቷን የምታወጣውን ቁልፍ እንደገና ይጫናታል። መኪናዋ እያገሳች ከዛፎቹ መሐል ትሰወራለች። ከላይ የብዙ ሰው ጭብጨባና ፉጨት ይሰማል። ፒስተን መንገዱ መሐል ይቆማል፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ በእግሩ ይወጣል።]

[የዳገቱ ጫፍ። የማኅበሩ አባላት ራቅ ብለው መኪናዋን ከበዋል፤ አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳሉ። እርጎ ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በእጁ አለ። ፒስተን እያለከለከ ይደርሳል።]

እርጎ፦ መጣህ? ውሃ ጠጣ።

ፒስተን፦ ምን… ምን አልካቸው?

እርጎ፦ መጀመሪያ ጠጣ።

ፒስተን፦ ምን አልካቸው?!

እርጎ፦ እኔ ምንም አላልኩም። "ፒስተን የታል?" አሉኝ፤ "ከኋላ እየገፋ ነው" አልኳቸው። ሁሉም ከመኪናዋ ኋላ ሄደው አዩ።

ፒስተን፦ እሺ?

እርጎ፦ የለህም።

ፒስተን፦ [ድንጋዩ ላይ አጠገቡ ዘጭ ይላል] ጉድ ፈላብኝ። ስለ መኪናዋስ ምን አሉ? መቼም ሳሙና ናት ማለታቸው አይቀርም።

እርጎ፦ ያ ሳሙና ናት ያለው ሰውዬ ገብቶ አልወጣ ብሏል። ውሸታም ናት ያለው ደግሞ ተራ ይዟል።

ፒስተን፦ ከሃዲዎች! ወንበሬስ?

እርጎ፦ ስለ ወንበሯ ተነጋገሩ። "ቃል ነው፣ ወጥታለች" አሉ።

ፒስተን፦ ቱርቦ ወሰዳት!

እርጎ፦ አይ፣ ቱርቦ ሊወስዳት ነበር፣ ግን ወንበሯን ትቶ መኪናዋን ሊነዳ ሲሮጥ፣ ለሌላ ሰው ድምፅ እንስጥ ተባለ።

ፒስተን፦ ለማን?

እርጎ፦ [እያፈረ] ለኔ።

ፒስተን፦ አንተ አባል እንኳን አይደለህም!

እርጎ፦ መጀመሪያ አባል አደረጉኝ።

ፒስተን፦ አንተ ስለ መኪና ምን ታውቃለህና?

እርጎ፦ እኔም ያንኑ ነው ያልኳቸው። "ምንም አላውቅም" አልኳቸው። እነሱ ግን "መኪና መነሳቷንና አለመነሳቷን ከለየህ፣ ካለፈው ሊቀ መንበር በብዙ ትሻላለህ" አሉኝ።

[ፒስተን ውሃውን ይጠጣል። መሬት መሬት ያያል።]

ፒስተን፦ አለቀልኝ እርጎ። አፈርኩ። ከእንግዲህ እኔን ማን ይሰማኛል?

እርጎ፦ እኔ። ሁሌም ስሰማህ አይደል የኖርኩት? ምሳ ላይ፣ እራት ላይ፣ ሠርጌ ቀን ሳይቀር ስለ መኪና ጭስ ማውጫ ነግረኸኛል።

ፒስተን፦ አንተ ሌላ ነህ። አንተ ቤተሰብ ነህ።

እርጎ፦ ቤተሰብማ ከሁሉም በላይ ነው የሚደክመው።

ፒስተን፦ [ድንገት ቀና ብሎ] ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። "መነሳቷን ከለየህ" ነው ያሉህ?

እርጎ፦ አዎ።

ፒስተን፦ አንተ መነሳቷን ታውቅ ነበር ማለት ነው?

እርጎ፦ አውቅ ነበር።

ፒስተን፦ ከመቼ ጀምሮ?

እርጎ፦ ከደጃፍህ። አረንጓዴው ሲበራ።

ፒስተን፦ ይሄንን ሁሉ ዳገት እየሮጥኩ፣ እየላበኝ፣ ሰፈሩ በሙሉ እየሳቀብኝ፣ አንተ እያወቅክ ዝም አልከኝ?

እርጎ፦ ኧረ ነግሬሃለሁ! መብራቱ በርቷል አልኩህ፣ ማስታወቂያ ነው አልክ። ትተነፍሳለች አልኩህ፣ የተረፈ ነፋስ ነው አልክ። ጥዝዝ ትላለች አልኩህ፣ ንብ ነው አልክ።

ፒስተን፦ ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ለምን አልደገምክልኝም?

እርጎ፦ ከዚያማ መሪውን ሰጠኸኝ።